ቡቃያው ሲከፈት እጽፍልሻለሁ ብዬ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም በርትታለች፤ በከዘራ ግቢውን መዞር ጀምራለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። ከጀርመን ስመጣ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ያቺ ከመናፈሻው ያነሳናት የስፕሩስ፣ የዚያ ጽድ መሰል የብርድ አገር ዛፍ፣ ፍሬ ነበረች። ደርቃ ተከፍታ ዘሯ ኪሴ ውስጥ ረግፏል። እያንዳንዱ ዘር ከዝናብ በኋላ መብራት ሥር የሚወድቀውን የምስጥ ክንፍ የመሰለ ክንፍ አለው። ዘራሁት፤ ዘጠኝ በቀሉ። ያኔ ነው ደውዬ «ቡቃያው ሲከፈት እጽፍልሻለሁ» ያልኩሽ።

ቡቃያው አልተከፈተም። እኔም አልጻፍኩም።

ችግኞቹ አውራ ጣት ሲያክሉ ቆሙ። ጫፋቸው ላይ የስንዴ ቅንጣት እንኳ የማታክል ቡናማ ቡቃያ ቋጠሩና ዝም አሉ። ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ አልታመሙም። በየጠዋቱ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ስፕሩስ የቀኑን ርዝመት ይቆጥራል። እናንተ ጋ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት ይበልጣል። እዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ለእነሱ የሐዋሳ ቀን ሁሉ ብርድ ሊገባ የተቃረበበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ይዘጋሉ። የተዘጋው እንዲከፈት ደግሞ የብዙ ሳምንት ብርድ ይፈልጋል። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ በኅዳር ሌሊት ጋቢ ከደረብሽ ይበቃሻል። ፍሪጅ ላስገባቸው አሰብኩ። ግን ዛፍ በየዓመቱ ፍሪጅ እየገባ እስከ መቼ ይኖራል? ተውኩት። አንድ በአንድ ደረቁ። የመጨረሻዋ ባለፈው ሚያዝያ ሄደች። አልቅሻለሁ።

አሁን ለምን ጻፍሽ ትይኝ ይሆናል። ልንገርሽ።

ባለፈው ዓመት ወደ ወንዶ ገነት ስሄድ አንድ ትልቅ የፈረንጅ ጽድ ላይ የወፍ ጎጆ የመሰለ ነገር አየሁ። ባጃጁን አስቆምኩት። ጎጆ አልነበረም። ቅርንጫፉ ራሱ ተጠቅጥቆ፣ አጥሮ፣ ኳስ ሆኖ ነው። ጀርመኖቹ «የጠንቋይ መጥረጊያ» የሚሉትን ታስታውሻለሽ? ከምንሰበስባቸው ድንክ ስፕሩሶች ስንቶቹ ከእንደዚህ ያለ ቅርንጫፍ አይደል የመጡት! ኮኒካ የምትባለውን ድንክ ስፕሩስም አስቢያት። በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቦስተን የሄዱ ሁለት የእጽዋት ባለሙያዎች ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ከሌሎቹ ያጠረ ስፕሩስ አይተው ባያነሱ ኖሮ፣ ያንቺ በረንዳ ላይ ያለችው ከየት ትመጣ ነበር? ባቡር ሲጠብቁ ነው ያገኟት ይባላል።

ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ አንድ ጎረምሳ ወጥቶ አወረደልኝ። እዚህ አቮካዶ የሚያዳቅሉ ልጆች እጃቸው ወርቅ ነው። አንዱን ለመንኩት። እሱ የለመደው የችግኙን አናት ቆርጦ፣ ሰንጥቆ መሰካት ነው። ጽድ ላይ ግን አናቱን አትንካ አልኩት። ጎኑን ብቻ ላጥ አድርጎ፣ ቀንበጡን አጋጥሞ፣ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። 12 ሠርተን 3ቱ ያዙ። የተከልናቸው ፑሚስ፣ ያ ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በበዛበት አፈር ነው። እዚያ በከረጢት የምንገዛው ፑሚስ እዚህ ብሎኬት ይሠራበታል!

በነሐሴ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ሦስቱም አዲስ አረንጓዴ አወጡ። አንዷን በማስመሪያ ለካኋት፤ 2 ሴንቲ ሜትር። የፈረንጅ ጽድ በዚያ ጊዜ ስንት እንደሚሮጥ ታውቂያለሽ። ድንክ ሆና ትቀር እንደሆነ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ግን በየቀኑ አያታለሁ።

ወርቃማ ነገርም አላጣሁም። ችግኝ ሻጮች ጋ እንቁላል የመሰለች፣ ጫፏ ወርቅ የሆነ ቱያ የምትባል ድንክ ጽድ መሰል ተክል አለች። ሰዉ የገና ዛፍ ይላታል። ሁለት ገዝቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ። ስፕሩስ አይደለችም፣ ግን ጠዋት ፀሐይ ሲያገኛት ደስ ትላለች።

እንግዲህ ስለተውኩልሽ ልጆቼ፣ ስለ ስፕሩሶቹ ልጠይቅሽ። ወርቃማው ስካይላንድስ እንዴት ነው? የጠዋት ፀሐይ ያግኘው፣ የከሰዓቱን ከልዪለት። ወርቁ አረንጓዴ ቀለሙ ስላነሰ ነው፤ ጠንከር ያለ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ጥላ ከበዛበት ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። ኦሪያው ግን በፀደይ ቢጫ ሆኖ በጋ ላይ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጪ፤ ጠባዩ ነው። ኮኒካዋ ላይ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሮጥ፣ ቅጠሉ ረዘም ያለ ቅርንጫፍ ካየሽ ዛሬውኑ ከሥሩ ቁረጪው። ወደ ትልቁ ዛፍ መመለሱ ነው፣ ከተውሽው ትንሿን ዛፍ ይውጣታል። ከፀደይ ጀምሮ ደግሞ ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘሽ ቅርንጫፉን አራግፊ። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካለ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ሳይሆን አይቀርም። ከታች ወደ ላይ ውኃ ርጪበት፣ ደጋግመሽ።

የስካይላንድስን ፎቶ ላኪልኝ፤ ቅርብ አድርገሽ አንሺው፣ ያቺ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትረዝም ቅጠሉ እንድትታየኝ። እኔም የሦስቱን እልክልሻለሁ። እማዬ ሰላም ብላሻለች። «መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች።

እህትሽ