ለእታለም፦ ስለ ፓክ-12 የመጨረሻ ዓመት

ላስ ቬጋስ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

እታለምዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ እማማ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ክብሩ ይስፋ። ዝም ከተባባልን ብዙ ቆየን። የምንገናኘው ሠርግና ለቅሶ ሲኖር ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰሞኑን ታናሽሽ ደውላ አንቺ ዛሬም ልጃገረዶች ሰብስበሽ ቅርጫት ኳስ እያሠለጠንሽ እንደሆነ ስትነግረኝ፣ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ! ያን ቀን ነው ልጽፍልሽ የወሰንኩት። ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ። እዚህ ለማን ላውራው? ታክሲ ተራ ላይ ወሬው ሁሉ አርሰናልና ማንቼ ነው። አንቺ ግን ትሰሚኛለሽ።

ስለ ፓክ-12 ነው የምነግርሽ። እዚህ አገር የኮሌጅ ቡድኖች በየማኅበራቸው ተከፋፍለው ነው የሚጫወቱት፤ ኮንፈረንስ ይሉታል። መጀመሪያ የብርዱን ወራት በአብዛኛው ከማኅበርሽ ቡድኖች ጋር ትጫወቻለሽ፤ መጋቢት ሲገባ የማኅበሩ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አለ፤ ከዚያ 68 ቡድኖች የሚገቡበት የአገር አቀፉ ውድድር ይመጣል። ፓክ-12 የምዕራቡ ዳርቻ ማኅበር ነበረ። ሥሩ በፈረንጁ እስከ 1915 ይሄዳል። የዋንጫ ጨዋታውን በመጨረሻዎቹ ዓመታት እዚሁ ላስ ቬጋስ ነበር የሚያደርጉት፤ እኔም የለመድኩት በዚያ ነው። ከሆቴል ወደ አዳራሽ ደጋፊ ሳመላልስ፣ ሳወራቸው፣ ሲነግሩኝ፣ ሳላስበው ደጋፊ ሆኜ አረፍኩት።

በጣም የምወደው አንድ ነገር ነበረው። ትምህርት ቤቶቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ላይ ሁለት፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሁለት፣ ኦሪገን ሁለት፣ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሁለት፣ አሪዞና ሁለት፤ ከተራራው አገር ደግሞ ኮሎራዶና ዩታ። አንድ ቡድን ወደ ኦሪገን ከወጣ አርብ ከአንደኛው፣ እሁድ ከሌላው ተጫውቶ ይመለሳል። ልጆቹ ሰኞ ክፍላቸው ይገባሉ። ባላንጣዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አባትና እናት መኪና ነድተው ልጃቸውን ሊያዩ ይችላሉ። የእኛ የትምህርት ቤቶች ውድድር ትዝ ይልሻል? ከሽሮ ሜዳ እስከ ቄራ በእግር ሄደን የምንገጥማቸው ልጆች በስም ያውቁን ነበር። ብንሸነፍ በነጋታው ገበያ ላይ እንገናኛለን። ያን የመሰለ ነገር ነው።

ይሄን ማኅበር ያፈረሰው ቅርጫት ኳስ አይደለም፤ የአሜሪካ ፉትቦልና የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ሰኔ 2022 ላይ (በፈረንጁ ነው የምቆጥርልሽ) ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ቢግ ቴን ወደሚባለው የመሐል አገር ማኅበር እንሄዳለን አሉ። ፓክ-12 አዲስ የቴሌቪዥን ውል ሲያፈላልግ አንድ ዓመት አለፈ፤ የሚያጠግብ ውል አልተገኘም። በ2023 ሐምሌ ኮሎራዶ ወጣ፣ ከዚያ ኦሪገንና ዋሽንግተን፣ ሁለቱ አሪዞናዎችና ዩታ፤ በመጨረሻም የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢዎቹ ስታንፎርድና ካል አትላንቲክ ዳርቻ ካለ ማኅበር ጋር ተዋዋሉ። ካርታ አውጥተሽ እዪው እስቲ። ከአሥራ ሁለቱ የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ናቸው፤ ከትንንሽ ከተማ የመጡ፣ ማንም ያልጠራቸው። ሴቶቹን የጠየቃቸው የለም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። የአገሪቱ ጠንካራ የሴቶች ማኅበር ከሚባሉት አንዱ የእነሱ ነበር። በ2021 የአገሪቱ ፍጻሜ ላይ የተገናኙት ስታንፎርድና አሪዞና፣ ሁለቱም ከዚህ ቤት ናቸው፤ ስታንፎርድ 54 ለ 53 በአንዲት ነጥብ ነው ያሸነፈው።

እንግዲህ በ2023 መጸው የጀመረው ዓመት የመጨረሻቸው መሆኑን ሁሉም እያወቀ ነው የተጫወቱት። ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ? በሕይወቴ ያየሁት ምርጡ ሆነ።

ጥር 21 ቀን 2024 የስታንፎርዷ አሠልጣኝ ታራ ቫንደርቪር 1,203ኛ ድሏን አገኘች። በዚያን ጊዜ በወንድም በሴትም ከማንም የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ በላይ፤ የወንዶቹን አሠልጣኝ የማይክ ሺሼፍስኪን ክብረ ወሰን አለፈች ማለት ነው። ያን ቀን ኪኪ ኢሪያፈን ብቻዋን 36 ነጥብ አስቆጠረች። የተሸነፉት እነዚያው ኦሪገን ስቴቶች ነበሩ። ታራ ስታንፎርድ 38 ዓመት አሠልጥናለች፤ ሦስት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዳለች፤ በ1996 ኦሎምፒክ ደግሞ የአሜሪካን ሴቶች ይዛ ወርቅ። ያ ዓመት እንዳለቀ ጡረታ ወጣች። አንቺ ብታያት ትወጃታለሽ። ጎን ቆማ ስትመለከት ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አይነበብም፤ ልጆቹ ግን ምን እንደምትፈልግ ያውቃሉ።

ከዚያ ጁጁ ዋትኪንስ። እታለም፣ ይቺን ልጅ የግድ ማየት አለብሽ። ዋትስ ከሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር ነች። የትም መሄድ ስትችል ሰፈሯ አጠገብ ያለውን ዩኤስሲን መርጣ ቀረች። ጸጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ ነው የምትጫወተው፤ ከላይኛው መቀመጫም ብትሆኚ ትለያታለሽ። የካቲት 2 ቀን 2024 የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለች ስታንፎርድ ሜዳ ሄዳ 51 ነጥብ አስቆጠረች። ዩኤስሲ ያሸነፈው 67 ለ 58 ነው። አስቢው፤ የቀሩት ጓደኞቿ ሁሉ ተደምረው 16። እኔ ማታ ከሥራ ገብቼ ቅጂውን ነው ያየሁት። አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ኳሷን እየደበደበች በፍጥነት ትመጣና ተከላካይዋ ወደኋላ ስትሸሽ ጁጁ ቀጥ ትላለች። ሙሉ በሙሉ ቀጥ። ከዚያ ብቻ ትዘላለች። ልጅቷ ስትመለስ ኳሷ ከእጇ ወጥታለች። አንቺ ለእኛ "መሮጥ ሳይሆን መቆም ነው ትልቁ ነገር" እያልሽ የምትጮኺው ትዝ አለኝ። ከቅጣት ውርወራ ደግሞ ከ19 አሥራ ሰባቱን አስገብታለች። አምስት ልጅ ሲረባረብባት ውላ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ።

መጋቢት ላይ ወደ እኛ ከተማ መጡ። አዳራሹ ኤምጂኤም ግራንድ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ተገናኙ፤ የአንድ ከተማ ልጆች። መደበኛው ሰዓት አልበቃቸውም፣ ጭማሪው አልበቃቸውም፣ ሁለተኛ ጭማሪ ሄደው ዩኤስሲ 80 ለ 70 አሸነፈ። ጁጁ 33 አገባች። ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ በሬዲዮ እየሰማሁ ነው የነዳሁት።

እሁድ ግን ትኬት ቆረጥኩ። ፍጻሜው ዩኤስሲ ከስታንፎርድ ነው፤ የድሮው ፓክ-12 የመጨረሻ የሴቶች ዋንጫ። ጁጁ ያን ቀን ኳሷ እምቢ አለቻት፤ 9 ነጥብ ብቻ። ስታንፎርዶች በሄደችበት ሁሉ ሁለት ሆነው ነው የጠበቋት። ታዲያ ማን አዳናቸው? ማኬንዚ ፎርብስ። ሃርቫርድ ተምራ ጨርሳ ለአንድ የቀረ ዓመቷ ዩኤስሲ የገባች ልጅ ናት። አሠልጣኟ ሊንድሲ ጎትሊብ እሷን ጨምሮ ከትልልቅ ትምህርት ቤቶች የተመረቁ ሦስት ልጆች አምጥታ ነበር፤ ሌሎቹ ከፔንና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የበሰሉ ልጆች ናቸው፤ አይደናገጡም። ፎርብስ 26 ነጥብ አስቆጠረች፣ 74 ለ 61 አለቀ። እኔን የነካኝ ጁጁ ናት። ኳስ እምቢ ሲላት ፊቷን አላጠቆረችም። ኳስ ቀማች፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የነጠረ ኳስ) ያዘች፣ ፎርብስ ስታገባ መጀመሪያ የዘለለችው እሷ ናት። ይሄንን ለልጆችሽ ንገሪያቸው።

ከጨዋታው በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ጫንኩ፤ ባልና ሚስት፣ ብርቱካናማ ሹራብ የለበሱ፣ ኮርቫሊስ ከምትባል ከተማ የመጡ። የኦሪገን ስቴት ደጋፊዎች ናቸው። ቡድናቸው በግማሽ ፍጻሜው ወድቋል፤ ግን ትኬቱን ስለገዙ እስከ መጨረሻው ቀሩ። ሴትዮዋ ከጎኔ ነው የተቀመጠችው። የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠራችልኝ፤ ማን ከየት እንደመጣች፣ ማን ጉልበቷን እንደታመመች። ከዚያ "የሚቀጥለው ዓመት ስንቶቹ ይኖሩ ይሆን" አለች። ባልየው ከኋላ ምንም አልተናገረም።

ፍርሃቷ እውነት ነበር። ኦሪገን ስቴት በአገር አቀፉ ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ደረሰ፤ ኖትር ዳምን ጥሎ፣ በሳውዝ ካሮላይና ነው የቆመው። ወዲያው ምርጦቹ ተበተኑ። ሬገን ቢርስ ወደ ኦክላሆማ፣ ታሊያ ቮን ኦልሆፈን ወደ ዩኤስሲ፣ ቲሜያ ጋርዲነር ወደ ዩሲኤልኤ። ልጆቹን አልወቅሳቸውም። ማኅበር የሌለው ቡድን ውስጥ ማን ይቀራል? ዋሽንግተን ስቴትም እንዲሁ። በ2023 ሰባተኛ ሆኖ መጥቶ የፓክ-12ን ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሴቶች ስፖርት ያገኘው የመጀመሪያው የማኅበሩ ዋንጫ። ኮከባቸው የኒውዚላንዷ ቻርሊስ ለገር-ዎከር በጥር 2024 የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ ከዚያ ወደ ዩሲኤልኤ ሄደች።

የሄዱትስ? ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ዘንድሮ (2025) በቢግ ቴን ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። ኢንዲያናፖሊስ ሄደው! ሁለቱ ካምፓሶች የአንድ ከተማ ሆነው፣ ለመገናኘት አገሩን ግማሽ አቋረጡ። ዩሲኤልኤ 72 ለ 67 አሸነፈ። ስታንፎርድ ደግሞ ያለ ታራ፣ በአዲሱ ማኅበር፣ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር አቀፉ ውድድር ውጪ ቀረ። ጁጁም መጋቢት 24 ቀን ጉልበቷ ሄደ። ስትወድቅ አይቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እታለም፣ ይሄ የጉልበት ጅማት ጉዳት ከወንድ ይልቅ ሴቶችን ነው የሚያጠቃው። ልጆችሽ ዘለው ሲወርዱ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ በሁለት እግር እንዲያርፉ አስተምሪያቸው። ከማሟሟቂያው ጋር በየቀኑ። እኛን ማንም አልነገረንም።

አሁን ደግ ደጉን ልንገርሽ። ኦሪገን ስቴት ዘንድሮ ዌስት ኮስት በሚባል አነስ ያለ ማኅበር በእንግድነት ተጫወተ። የእነሱም ዋንጫ እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው፤ ኦርሊንስ አዳራሽ፣ ከኤምጂኤም ያነሰ። አሠልጣኙ ስኮት ሩክ አልሄደም፤ ከየቦታው ልጆች ሰብስቦ እንደ አዲስ ጀመረ። በዓመቱ መጀመሪያ ተሸነፉ፣ ተሸነፉ። መጋቢት ላይ ግን ግማሽ ፍጻሜው ላይ ጎንዛጋን በመጨረሻው ቅጽበት አሸነፉ፤ ኳሷን ያገባችው ብራዚላዊቷ ካታሪና ፌሬይራ ናት። በነጋታው ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዋንጫ የወሰደውን ፖርትላንድን 59 ለ 46። እኔ ነበርኩ። ብርቱካናማው ሕዝብ ከሜዳው በላይ ጮኸ። ያቺን ሴትዮ በዓይኔ ፈለግኳት፤ አላየኋትም። ግን እዚያ እንደነበረች እርግጠኛ ነኝ።

ስለዚህ ለልጆችሽ ሁለት ቅጂ እልክልሻለሁ፤ የጁጁን 51 እና ይሄንን የጎንዛጋ ጨዋታ። መጀመሪያ የጎንዛጋውን አሳዪያቸው። ኮከብ የላቸውም፤ ኳሷን እንዴት እንደሚቀባበሉና ማን ለማን ቦታ እንደምትለቅ እንዲያዩ። ጁጁን ያዩ ዕለት ሁሉም ብቻዋን ልታገባ ትፈልጋለች።

አሁን አንቺ ጻፊልኝ። ስንት ልጆች ናቸው? የምትጫወቱበት ሜዳ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር? ለሐምሌ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሻንጣው ሰፊ ነው። የልጆቹን የጫማ ቁጥር ላኪልኝ፤ ትልቅ እግር ያላቸውን ለብቻ ጻፊው።

ሳምሻለሁ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የዘወትር እህትሽ