ልጅ ከዘመዱ እንዳይለይ ለምትደክሙ ሁሉ

ሴፕቴምበር 30፣ የነባር ሕዝቦች (የአገሩ ቀደምት ተወላጆች) ልጆች ከቤተሰባቸው ተነጥለው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የተወሰዱበት በደል የሚታሰብበት የካናዳ የእውነትና የዕርቅ ቀን፣ ዘንድሮም ታስቦ ውሏል። በልጆችና ቤተሰብ አገልግሎት የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ምስጋና የምናቀርበው በቀሪዎቹ ቀናት በስልክና በፋይል ለሚደክሙት ሶሻል ወርከሮችና ለነባር ሕዝቦች ሽማግሌዎች ነው።

ሙያችን እዚህ አገር ከበደል ነጻ አይደለም። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከየቤታቸው አውጥተው ለባዕድ የሰጡት ሶሻል ወርከሮች ነበሩ። የካናዳ የሶሻል ወርከሮች ማኅበር በ2019 ይቅርታ ጠይቋል፤ ቁስሉ ግን አልሻረም። በ2021 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የነባር ሕዝቦች ልጆች 7.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በአሳዳጊ ቤት ካሉት ግን 53.8 በመቶ ነበሩ።

ስለዚህ አስቀድመን የምናመሰግነው፣ ልጅ ከቤት ሳይወጣ ዘመድ የምትፈልጉትን ነው። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው፣ የነባር ሕዝቦችን ልጆች የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ልጅ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ የቅድሚያውን ተራ ደንግጓል፤ ወላጅ፣ ሌላ የቤተሰብ አባል፣ የዚያው ማኅበረሰብ ሰው፣ የሌላ ነባር ሕዝብ ሰው፣ በመጨረሻ ሌላ። ነገሩ የሚበላሸው ፍለጋው ዘግይቶ ሲጀመር ነው። ማታ ላይ ባዶ አልጋ ያለው ቤት ይገኛል፣ ልጁ እዚያ ይገባል፣ ወራት ያልፋሉ፣ ከዚያ «ለምዷል» ተብሎ ይቀራል። እናንተ ግን የአያቶችንና የአክስቶችን ስልክ ቀድማችሁ ትይዛላችሁ፤ በልጁ ጉዳይ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት የሚሰጠውን ማስታወቂያም ለወላጅ ብቻ ሳይሆን ለማኅበረሰቡ አስተዳደር ጭምር ትልካላችሁ።

ድህነትን ቸልተኝነት ብላችሁ ስለማትጽፉም እናመሰግናለን። ሕጉ በድህነት ወይም በመኖሪያ ቤት ችግር ብቻ ልጅ እንዳይወሰድ ይከለክላል። ማሞቂያ ለተበላሸበት ቤት መፍትሔው ማሞቂያውን ማስጠገን ነው።

የጆርዳን መርህ፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስ (ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆኑ) ልጆች የሚያስፈልጋቸውን አገልግሎት በመንግሥታት የክፍያ ክርክር እንዳያጡ የሚያዘው መርህ፣ ማመልከቻ የምትሞሉትም ውለታችሁ ብዙ ነው። መርሁ የተሰየመው ማን ይክፈል በሚል የመንግሥታት ክርክር ከሆስፒታል ሳይወጣ በ2005 በ5 ዓመቱ ባረፈው በጆርዳን ሪቨር አንደርሰን ነው። ለአንድ ልጅ የቀረበ ጥያቄ አስቸኳይ ከሆነ በ12፣ ካልሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ተወስኗል። የባለሙያ ደብዳቤ ታያይዛላችሁ፣ ለምን አስቸኳይ እንደሆነ ትጽፋላችሁ፣ ጊዜው ሲያልፍም ደጋግማችሁ ትደውላላችሁ።

በልጆች አገልግሎት አድልዎ ፈጽሟል ብላ በ2007 የፌዴራሉን መንግሥት ከስሳ በ2016 ላስፈረደችው፣ ከነባር ሕዝቦች አንዱ ለሆነው ለጊትክሳን ሕዝብ ተወላጇ ሶሻል ወርከር ለሲንዲ ብላክስቶክ ልዩ ምስጋና አለን።

እናንት ሽማግሌዎችና አያቶች፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ የምትፈሩበት በቂ ምክንያት እያላችሁ፣ አስቀምጣችሁ የልጁን የዘመድ ሐረግ አንድ በአንድ ለምትነግሩን፣ ክብረት ይስጥልን።