አራት ናቸው፤ ቁጠሯቸው!

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሁድ «ጎስትባስተርስ» የተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም ክፍል ሁለት የመጀመሪያውን እንደማይስተካከል ጽፋችኋል። ይሁን፣ ፍርዱ ላይ ብዙም አልጣላችሁም። ግን «ሦስቱ መንፈስ አዳኞች» እያላችሁ የደጋገማችሁት ማን ቆጥሮላችሁ ነው? አራት ናቸው! ኧርኒ ሀድሰን የተጫወተው ዊንስተን የሚባል ባለ ጺም ጥቁር ሰው አለ። መንፈሱ ሁሉ ታይቷችሁ ሰውየው እንዴት ተሰወረባችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ፊልም ያሳቀን ሦስቱ ምሁራን ሲቀባጥሩ ለደመወዝ የመጣው ዊንስተን እንደ ሰው ስለሚያወራ ጭምር ነው። በ1989ኙ ክፍል ሁለት ግን ይህ ሰው መጀመሪያ ላይ ከሦስቱ አንዱ ከሆነው ከሬይ ጋር የልጆች ልደት አጫዋች ሆኖ ብቅ ይልና፣ ሦስቱ መንገድ ቆፍረው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የለም። ጓደኞቹ ተከሰው እሱ የት ሄደ? የክፍል ሁለት ጉድለት ካላችሁ ይኸው ነበር። እናንተ ግን «የማይረባ ፈጠራ» ብላችሁ የጣላችሁት ዋናውን ነገር፣ ከከተማው ሥር የሚፈሰውን ሮዝ ዝልግልግ ነው። ሰው በተናደደና በተሰዳደበ ቁጥር ይፋፋል። አያቴ ሸዋ በር በነበረው ቤታችን፣ ጠብ ያደረበት ቤት ጅን ይገባዋል እያለች ቡናው ሳይቆላ ሉባንጃ ታጨስ ነበር። ለእሷ ይህ ፈጠራ አይደለም፣ የዘወትር ሥራዋ ነው።

ደግሞ «ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ተመልካች በጊዜው አላየውም» ብላችኋል። ኧረ ተው! እኔ ሁለቱንም በ1985 ዓ.ም. ገደማ ደሴ አራዳ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ በሃምሳ ሳንቲም አይቻለሁ። የባለቤቱ ልጅ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብሎ ይተረጉምልን ነበር። በመጀመሪያው ፊልም ያ ግዙፍ የማርሽሜሎው (ነጭ ለስላሳ ከረሜላ) ሰውዬ ሲመጣ ትንሽ አሰበና «ሊጥ ነው» አለን። በክፍል ሁለት የነጻነት ሐውልት ስትራመድ ደግሞ «ሐውልቷ ተነሣች!» እያለ የምናየውን ተረጎመልን። ከናንተ ዘገባ ግን እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ አራቱንም ቆጥሯል።

ለምን እንዲህ ተንጨረጨርክ ትሉኝ ይሆናል። ሰባት ዓመት ከአንድ የሰርግ ቪዲዮ ቡድን ጋር መብራትና ጄኔሬተር ተሸክሜ ሐይቅና ኩታበር ተመላልሻለሁ። በዝናብ ጄኔሬተሩን በገዛ ጋቢዬ ሸፍኜ አድሬያለሁ። የቡድኑ ማስታወቂያ ሲወጣ ፎቶው ላይ ስንት ሰው የነበረ ይመስላችኋል? ሦስት። «አብሽር፣ ቦታ ጠቦ ነው» አሉኝ። ቦታ የሚጠበው ሁልጊዜ አራተኛው ላይ ነው መሰል።

እርማት የምታወጡ ከሆነ ስሙን ከላይ ጽፌላችኋለሁ፣ ኧርኒ ሀድሰን። ፎቶም የምታትሙ ከሆነ አደራ፣ ዳር ዳሩን አትቁረጡት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ