ዱቄት መቀየር ብቻውን አይበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ በምግብ ገጻችሁ ላይ በጤፍ ዱቄት ዋፍል (ካሬ ካሬ ጉድጓድ ባላቸው ሁለት ብረቶች መካከል የሚጋገር ቂጣ መሰል ምግብ) ስለማዘጋጀት የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ሊጥ የሚያያይዝ ፕሮቲን) የሌለው እህል መሆኑንና ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለባቸው ሰዎች ሊመገቡት እንደሚችሉ መግለጻችሁ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ዱቄቱ እስከተቀየረ ድረስ በቤት ውስጥ ባለው በማንኛውም የዋፍል መጋገሪያ መጠቀም ይቻላል ማለቱ፣ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ምክር በመሆኑ እርማት ያስፈልገዋል እላለሁ።

በቤታችን ያለው መጋገሪያ ከባለቤቴ አያት የተወረሰ ነው። የተሠራው በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በኤሪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1865 እስከ 1957 በቆየው የግሪስዎልድ ፋብሪካ ሲሆን፣ የዚህ ፋብሪካ ከቀለጠ ብረት የተቀረጹ (ካስት አይረን) ዕቃዎች በአሜሪካ ዛሬም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ሁለት ከባድ ክብ ብረቶች በማጠፊያ ተያይዘው በቀለበት ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ፊት ሲበስል እጀታው ተይዞ እሳቱ ላይ እንዳለ ይገለበጣል። ችግሩ ያለው በብረቱ ገጽ ላይ ነው። ጥቁሩና የሚያንጸባርቀው ልባስ፣ ምጣድ ሲሟሽ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ዘይት በሙቀት ደርቆ ከብረቱ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። ለሁለት ትውልድ የስንዴ ሊጥ ሲፈስበት በኖረ መጋገሪያ ላይ ግን በየካሬው ጥግ የተጣበቀው ፍርፋሪ በዚሁ ልባስ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ አዲስ ሊጥ በፈሰሰ ቁጥርም ተፈርፍሮ ሊወጣ ይችላል። እሳቱ ያጠፋዋል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ነገር ግን በተለመደው የማብሰያ ሙቀት ግሉተን አይጠፋም። በአሜሪካ «ግሉተን የሌለው» ተብሎ ለሚሸጥ ምግብ የተፈቀደው መጠን በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ትንሽ ፍርፋሪም ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ግልጽ ይሆንለታል።

ይህ ማለት ግን የአያትን ዕቃ መጣል ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ልጃችን ሴሊያክ እንዳለባት በሐኪም ሲረጋገጥ ብረቱን እስከ ሥሩ ላጥነው። ኮስቲክ ሶዳ (ኃይለኛ ማጽጃ ኬሚካል) ያለበት የምድጃ ማጽጃ ተረጭቶበት በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ያድራል፤ በማግስቱ በጓንት እየተያዘ በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ግራጫው ብረት በየጥጉ እስኪታይ ድረስም ይደገማል። (ባለቤቴ በዕቃው ጥቁረት ይኮራ ስለነበር በዚያ ሁኔታ ሊያየው አልፈለገም።) ከዚያም ታጥቦ ዝገት ሳይቀድመው ወዲያው እሳት ላይ ይደርቃል፤ በጣም ስስ የሆነ ዘይት ተቀብቶና ተወልውሎም በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በኦቨን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይቆያል፤ ይህም ተደጋግሞ ይሠራል። አንባቢዎች እንዲጠነቀቁ የምፈልገው፣ ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ለዚህ ዓይነቱ ብረት ብቻ መሆኑን ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መጋገሪያዎች ደግሞ ውስጣቸው አሉሚኒየም ወይም የማያጣብቅ ቀለም የተቀባ በመሆኑ፣ ስንዴ ከነካቸው ለሕመምተኛው ሌላ መግዛት ይሻላል።

ስለ ሊጡም አንድ ነገር ልጨምር። የጤፍ ሊጥ የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ብቻውን ሲጋገር ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ ከዱቄቱ ሩብ ያህሉን በድንች ወይም በካሳቫ ስታርች መተካት፣ የእንቁላሉን ነጭ ለብቻ መትቶ በመጨረሻ መቀላቀል፣ ሊጡንም ሃያ ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ይረዳል። ለብረቱ መቀቢያ ያልተቀመመ ንጥር ቅቤ ከጥሬው ቅቤ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ጥሬው ቅቤ በውስጡ ያለው የወተት ዝቃጭ ቶሎ አርሮ ሊጡን ያጣብቃል። እንፋሎቱ ሳይቀንስ መጋገሪያውን መክፈት ዋፍሉን ለሁለት መቅደድ ነው።

ጽሑፋችሁ ሊጡን በእርሾ ማቡካትንም እንደ አማራጭ አንሥቷል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ነገር ግን እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን ለእንጀራ ጤፉን ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር እንቀላቅላለን፤ ከእንዲህ ዓይነት ቡሃቃ የተወሰደ እርሾም ግሉተኑን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከጎረቤት እርሾ የሚቀበል ሰው የምን ዱቄት እንደሆነ ሳያፍር ሊጠይቅ ይገባል። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ ዱቄትም ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ተፈጭቶ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ማኛ ቢሆን ለሴሊያክ ሕመምተኛ አይሆንም።

የምግብ ገጹ አዘጋጅ ስለ መጋገሪያው፣ ስለ እርሾውና ስለ ወፍጮው በሚቀጥለው እትም አጭር ማስተካከያ እንዲያወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ