ዳማን ይዘሽ ከመብረርሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ዳማን ይዘሻት ለመሄድ መወሰንሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ስጋትም ገባኝ። 14 ዓመት አብራሽ የኖረችን ድመት ትቶ ለመሄድ አንጀትሽ እንደማይችል አውቃለሁ። ያሰጋኝ ስለ ትኬቱ ብዙ አውርተሽ ስለ ሐኪሟ አንድም ነገር አለማንሳትሽ ነው። ሐኪሙ ይቅደም፣ ትኬቱ ይከተል።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። በዳማ ዕድሜ ያሉ ብዙ ድመቶች ኩላሊታቸው እየደከመ፣ የታይሮይድ ዕጢያቸው ከልክ በላይ እየሠራ ወይም የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሳለ ጤነኛ ይመስላሉ። ስለዚህ ላይ ላዩን ታይቶ የሚሰጥ የጤና ወረቀት አይበቃሽም። ደሟና ሽንቷ ይመርመር፣ ግፊቷ ይለካ፣ ልቧ በደንብ ይደመጥ። ከጉዞው ብዙ ሳምንታት አስቀድመሽ ውሰጃት፤ አንዳች ነገር ቢገኝ ለማከም ጊዜ ይኖርሻል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ እርጥበቱም ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ጤነኛ ድመት ይህን ትችለዋለች፤ ልቧ ወይም ኩላሊቷ የታመመች ግን ትጎዳበታለች። ሐኪሙ «አትብረር» ካለሽ አትከራከሪው። እኔ ዘንድ ትቀራለች፤ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ።

የወረቀቱ ጉዳይ እንደምትሄጂበት አገር ይለያያልና ኤምባሲውን ጠይቂ። አንዱን ግን አሁኑኑ ልብ በይ፦ ማይክሮቺፑ (መለያ ቁጥር የያዘችው ትንሿ ቺፕ) ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በፊት ከቆዳዋ ሥር ይቀበር። የአውሮፓ ኅብረት፣ ለምሳሌ፣ ከቺፑ በፊት የተሰጠን ክትባት አይቆጥርም፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀን ያስጠብቃል። ከአንዳንድ አገሮች ለሚመጡ እንስሳት ደግሞ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይጠየቃል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። አየር መንገዶችም በአንድ በረራ ወደ መንገደኞች ክፍል የሚያስገቧቸው እንስሳት ጥቂት ናቸው፤ ገንዘብ ሳትከፍይ ቦታ መኖሩን አረጋግጪ። በጭነት ክፍል ግን እንዳትልኪያት። በዚህ ዕድሜዋ፣ የምታውቀው ሰው በሌለበት፣ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «እንቅልፍ የሚያስወስዳት መድኃኒት ይሰጣት ይሆን?» ብለሽኝ ነበር። በራስሽ ምንም እንዳትሰጫት! እንደ አሴፕሮማዚን ያሉ ማፍዘዣዎች የደም ግፊትን ያወርዳሉ፣ ሰውነት ሙቀቱን የመቆጣጠር አቅሙንም ያዳክማሉ፤ ሰውነቷ ይዝላል እንጂ ፍርሃቷ አይለቃትም። የፈዘዘ እንስሳ አንቀበልም የሚሉ አየር መንገዶችም ብዙ ናቸው። ሐኪሟ በጣም እንደምትጨነቅ ካመነ ጋባፔንቲን የተባለውን ጭንቀት የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል። እሱም ኩላሊቷ ለደከመ ድመት መጠኑ ይቀነሳል። ከታዘዘላትም ከጉዞው በፊት፣ ቤት በምትውዪበት አንድ ቀን ሰጥተሻት ምን እንደምትሆን እይ።

ከመድኃኒት ሁሉ የሚበልጠው ግን የምትጓዝበትን መያዣ ሣጥን መልመዷ ነው። ዛሬ ገዝተሽ በምትወደው ጥግ በሩን ከፍተሽ አስቀምጪው። የምትተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቢ አንጥፊላት፤ የራሷ ሽታ ያረጋጋታል። ምግቧን መጀመሪያ አጠገቡ፣ ቀጥሎ ደጃፉ ላይ፣ በመጨረሻ ውስጡ አድርጊላት። እየገፋሽ አታስገቢያት፤ ራሷ ትግባ። በውስጡ መተኛት ስትጀምር በሩን ለአፍታ ዝጊ፣ ከዚያ ረዘም አድርጊ፣ ከዚያ ይዘሻት በመኪና ዞር ዞር በይ። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ አትቸኩዪ። ዳማ መገጣጠሚያዋ የሚያማት ስለሚመስለኝ (መስኮቱ ላይ መዝለል መተዋን አስተውለሻል?) ከላይ የሚከፈተውን ምረጪ፤ ጎትቶ ማውጣት ያሳምማታል። ወለሉም ወፍራም ይሁንላት።

በጉዞው ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቀደም ብለሽ ጥቂት አብያት፤ የስኳር ሕመም ከተገኘባት ግን የምግቧንና የኢንሱሊኗን ሰዓት ሐኪሙ ይወስን። ውሃ በፍጹም አትከልክያት። ከሥሯ እርጥበት የሚመጥ ምንጣፍ አድርጊ፣ ቅያሪም ያዢ። ፍተሻው ላይ መያዣው ብቻ በራጅ ማሽኑ ያልፋል፤ እሷን አውጥተሽ ታቅፊያታለሽ። እዚያ ደንግጣ ካመለጠችሽ መከራ ነውና በደረቷ የሚታሰረውን ማሰሪያ ቤት አስለምጂያት፤ ዕለቱንም አስረሽላት ውጪ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዲፈትሹሽም መጠየቅ ትችያለሽ። በረራው ላይ አፏን ከፍታ ካለከለከች ቀላል ነገር አይደለምና አስተናጋጆቹን ወዲያው ጥሪ።

ስትደርሱ ቤቱን ሁሉ አታሳያት። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ስጫት፤ የለመደችውን ምግብና የለመደችውን ዓይነት የመጸዳጃ አሸዋ አስገቢላት። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት አልጋ ሥር ብትደበቅ አትጨነቂ። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ግን ሐኪም ፈልጊ፤ ድመት ለቀናት ጾሟን ከዋለች ጉበቷ ስብ ይሞላዋል፤ ይህም ሊገድላት ይችላል። ለመሽናት እየሞከረች ካቃታትም በዚያው ሰዓት ይዘሻት ሂጂ። የሐኪሙን አድራሻ ከመነሳትሽ በፊት ፈልገሽ ጽፈሽ ያዢ።

የደም ምርመራዋ ውጤት ሲመጣ ደውዪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

የምትወድሽ እናትሽ