በነፃ ደግማችሁ እንድትሠሩልኝ አልፈልግም

ለ፦ መኪናዬን ፖሊሽ ላደረገው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያለ ልክ በጠንካራ ኮምፓውንድ (የጭረት መፋቂያ ቅባት) ተፍቆ ስለተጎዳ የመኪና ቀለም

ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላዬን እናንተ ጋ ያመጣሁት ለቀላል ነገር ነበር። ፀሐይ ሲመታው ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ ጭረት ይታያል። የላቫጆ ጨርቅ ሥራ ነው፤ አቧራው በውኃ በደንብ ሳይለቅ በጨርቅ ሲታሽ የሚመጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ጠቆር ያለ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥፍር እንኳ የማይዘው ጭረት ነው። ለዚህ 8,000 ብር ከፈልኩ። አሁን ኮፈኑ በግራ በኩል ጠርዙ ላይ መዳፍ የሚያህል የፈዘዘ ቦታ አለው። የቀረው አካሉ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲቆም ማሽኑ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ያሳያል። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።

ደውዬ ስነግራችሁ «ችግር የለም፣ በነፃ ደግመን እንሠራልሃለን» አላችሁኝ። ስልኩን ስላነሳችሁ አመሰግናለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለው ይበዛልና። ግን አልፈልግም። ለምን እንደማልፈልግ ላስረዳ።

ከኮምፓውንዱ ልጀምር። ሥራውን የያዘው ልጅ ኮምፓውንዱን የሚያፈሰው ከሃይላንድ ነበር። ክዳኑ በምስማር የተበሳ፣ ስም የለው፣ ምልክት የለው። «ይሄ ምንድን ነው ወንድሜ?» ስለው «ኮምፓውንድ ነው፤ ሁሉንም ያነሳል» አለኝ። በልጁ አልፈርድም፤ የተሰጠውን ነው የሚሠራው። ግን ሁሉንም የሚያነሳ ነገር ክሊሩንም፣ ማለትም ቀለሙን ከላይ የሚሸፍነውን ግልጽ ሽፋን፣ ያነሳል።

ኮምፓውንድ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የታሸ አዲስ ቀለም ለማስተካከል የተሠራ ኃይለኛ አለ። ለላቫጆ ጭረት የሚበቃ ለስለስ ያለ አለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ ማንጸባረቂያ ብቻ የሆነው ፖሊሽም አለ። ውስጡ ያለው የሚፍቀው ዱቄትም ይለያያል። አንዳንዱ ማሽኑ ባሸው ቁጥር እየደቀቀ ይሄዳል፤ ሲጀምር ይቆርጣል፣ ሲጨርስ ያለሰልሳል። ይህንን ግማሽ ላይ ካቆሙት የራሱን ጭረት ትቶ ይወጣል። ሌላው ደግሞ እስከ መጨረሻው መጠኑ አይለወጥም። በታሸ ቁጥር መቁረጡን ይቀጥላል። ስም ባልተጻፈበት ሃይላንድ ውስጥ የትኛው እንዳለ ልጁ በምን ያውቃል? መቼ ማቆም እንዳለበትስ?

ማሽኑ ላይ ተገጥሞ ቀለሙን የሚያሸው ፓድ የሱፍ ነበር። ማሽኑም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ኃይለኛ ኮምፓውንድ፣ ሱፍና ያ ማሽን አንድ ላይ ለብርጭቆ ወረቀት ጭረት ይሆናሉ፤ ለእኔ ዓይነቱ ግን ከልክ በላይ ናቸው። የሥራው ደንብ የታወቀ ነው። ኮፈኑ ላይ ትንሽ ቦታ ተመርጦ መጀመሪያ በለስላሳው ኮምፓውንድና በስፖንጅ ፓድ ይሞከራል። ጭረቱ ከጠፋ ሙሉ መኪናው በዚያው ይሠራል። ካልጠፋ መጀመሪያ ፓዱ ይቀየራል፣ ከዚያ ኮምፓውንዱ ከፍ ይላል። እናንተ ከላይ ጀመራችሁ፤ ሙከራም አልነበረም።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ጠጋ ብዬ ፓዱን አየሁት። ነጭ የነበረው ሱፍ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ሆኗል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ «ቆሻሻ ነው» ተባልኩ። መኪናው ታጥቦ ነው ሥራው የተጀመረው፤ ደግሞስ ሰማያዊ ቆሻሻ ከየት ይመጣል? የእኔ መኪና ባለ ክሊር ነው። ክሊር ደግሞ ቀለም የለውም፤ ሲፋቅ ፓዱ ላይ የሚቀረው ነጣ ያለ ነገር ነው። ሰማያዊ ከወጣ ማሽኑ ክሊሩን ጨርሶ ቀለሙ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር፤ እሱ ፓድ ማቅለሙ ያለ ነው። የፈዘዘውም ቦታ ያው ጠርዙ ነው። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ ማሽን ሲያርፍበትም ቶሎ ይግላል። ለዚህ ነው ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር የሚሸፈነው። እኔ መኪና ላይ አንድም ፕላስተር አላየሁም።

ስረከበው ግን እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ጉዱ የወጣው ከታጠበ በኋላ ነው። ብዙ ኮምፓውንዶች ውስጥ ዘይትና ጭረት የሚሞላ ነገር አለ። ላይ ላዩን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ከማስረከባችሁ በፊት በውኃ በቀጠነ አልኮል ብትጠርጉት ኖሮ ያን ጊዜውኑ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ እናየው ነበር።

ከዚያ ሌላ ጋራዥ ወስጄ የቀለሙን ውፍረት አስለካሁ። ጣሪያው 118 ማይክሮን አነበበ። የኮፈኑ መሀል 96፣ የፈዘዘው ጠርዝ ደግሞ 64 ነው። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከነመሠረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ቢሆን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። እርግጥ መለኪያው ድምሩን እንጂ ክሊሩን ለይቶ አያነብም። ኮፈኑ እናንተ ሳትነኩት ስንት እንደነበረም የተመዘገበ ነገር የለም። ያንን መመዝገብ ግን የማሽኑን ሶኬት ከመሰካት በፊት የሚሠራ ሥራ ነበር።

እንግዲህ «ደግመን እንሥራልህ» የምትሉኝ በዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የተወውን መስመር ማጥፋት ማለት ከቀረው ክሊር እንደገና መፋቅ ማለት ነው። የፈዘዘው ጠርዝ ላይ ደግሞ የሚፋቅም አልቀረም። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው። ክሊር ለማብረቅረቅ ብቻ የተቀባ አይደለም፤ ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ውስጥ፣ በረንዳ በሌለው ግቢ መኪና ለሚያቆም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተፋቀ ክሊር በምንም ፖሊሽ አይመለስም፤ በቀለም ቤት እንደገና ካልተቀባ በቀር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የከፈልኩት 8,000 ብር ይመለስልኝ። ኮፈኑ፣ ሁለታችንም በምንስማማበት ቀለም ቤት፣ በእናንተ ወጪ ይቀባ። የማሽን መስመር የቀረባቸው ሌሎቹ ክፍሎች በእናንተ አይነኩ። እነሱን ቀስ ብዬ በለስላሳ ፖሊሽ የሚያስተካክል ሰው እፈልጋለሁ፤ የእሱን ደረሰኝ አመጣላችኋለሁ። ከሁሉም በፊት ግን ሃይላንዱ ውስጥ የነበረው ኮምፓውንድ ስሙና ደረጃው ተጽፎ ይሰጠኝ። ቀጥሎ የሚሠራው ሰው ምን እንደተቀባ ማወቅ አለበት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረትም ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። «ሁሉንም ያነሳል» በቂ መረጃ አይደለም።

የደረሰኙን ቅጂ፣ ፎቶዎቹንና የልኬቱን ወረቀት አያይዣለሁ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ፤ ካልመጣ ይህንኑ ደብዳቤ ከነአባሪው ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ። መኪናውን ማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ይዤ መምጣት እችላለሁ፤ ፀሐይ ላይ እንድናየው ግን ከጣሪያው ሥር ሳይሆን ከግቢው ውጭ ነው የማቆመው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ፣ ፎቶዎች፣ የቀለም ውፍረት ልኬት