ለረጅም ዘመን ስላገለገሉን የምክር ቤት አባል

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሡኝ፣ እኛን የደሴ መራጮች ከአንድ የምርጫ ዘመን በላይ ባሕር ዳር በሚገኘው የክልሉ ምክር ቤት የወከሉን አንድ አዛውንት ናቸው። ስማቸው ቢጠራ እንደማይወዱ ስለማውቅ አልጠቅሰውም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጠርዙ የተላላጠ ጥቁር ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የውሃ አቤቱታ ያቀረቡ እናትን ስምና ሰፈር በራሳቸው እጅ ሲጽፉ፣ በቀጣዩ ስብሰባም ያንኑ ገጽ ገልጠው «እማማ፣ የእርስዎ ጉዳይ እዚህ ደርሷል» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። መልሱ ሁልጊዜ የሚያስደስት አልነበረም፤ መልስ ግን ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለወከለው ሕዝብ እንደሆነ፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። ታዲያ ተወካዩ በየጉባኤው ምን እንደጠየቀና ድምፁን ለምን እንደሰጠ ሳናውቅ፣ እምነታችንን በምን መዝነን እንሰጣለን ወይም እንነሣለን? የአዛውንቱ ደብተር እኮ የእሳቸው የግል ትጋት ነው፤ እሳቸው ዕረፍት ሲወጡ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የምክር ቤቱ ጉባኤ በተካሄደ ቁጥር የየአካባቢው ተወካዮች ያነሷቸውን ጥያቄዎችና የተሰጣቸውን ምላሽ በስም ለይቶ የሚያወጣ አንድ ዓምድ እንዲከፍት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ
ከደሴ